ሰማይ ተዘጋ የሚባለው መቼ ነው?

የቋንቋችን ነገር አንዳንዴ ይገርመኛል። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀመጠ መንገደኛ ጉም ወርዶ በረራው ሲዘገይበት “ሰማዩ ተዘግቷል” ይላል። የራያ ገበሬ “ሰማይ ተዘጋ” ካለ ግን ደመና ጠፋ ማለቱ ነው። አንዱ ደመናው መጥቶ ተዘጋበት፣ ሌላው ደመናው ቀርቶ ተዘጋበት። ሁለቱም አማርኛ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንደኛው ሽቅብ የሚያየው ሊያልፍ ነው፣ ሌላኛው ሊኖር።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ወደ ሮቢት ያደረግነው ጉዞ ነው። ሸዋ ሮቢት እንዳትመስላችሁ። እሷን ትታችሁ፣ ደሴንና ወልድያን አልፋችሁ፣ ከጎብየ በኋላ ቆቦ ሳትደርሱ የምታገኟት የራያዋ ሮቢት ናት። አራት ሆነን ነው የሄድነው። ዕቅዳችንም ግልጽ ነበር፤ ፍልሰታ ሲፈታ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች የሚጫወቱትን ሶለል ማየት፣ የዞብልን ተራራ ማየት፣ ከዚያ በአላማጣ በኩል ግራካሱን ወጥቶ የአሸንጌን ሐይቅ ማየት። አንዱ ጓደኛችን ለዚሁ ብሎ ካሜራ ተውሶ መጥቷል።

ታዲያ ምን አየን? ወልድያ ላይ የጀመረን ዝናብ ሮቢት ድረስ ሸኘን። በምሥራቅ በኩል ሜዳውን እንደ ግድግዳ የሚያጥረው ያ ሁሉ የዞብል ተራራ የለም። ሻይ ያቀረበችልን ልጅ “ያውና እዚያ ጋ!” ብላ በጣቷ አመለከተችን። ጣቷን አየነው፤ ተራራውን ግን አላየነውም።

በማግስቱ ዝናቡ አባራና ፀሐይ ወጣች። በቆቦ በኩል ወደ ዞብል የሚወስደውን መንገድ ያዝን። አንድ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ስንደርስ ሰዎች እጃቸውን እያወናጨፉ አስቆሙን።

“ጎርፍ እየመጣ ነው!”

“ሰማዩ እኮ ብራ ነው” አለ ሾፌራችን።

ከመካከላቸው አንድ አዛውንት በዱላቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግዳን ደጋ ጠቆሙ። እዚያ ላይ ሰማዩ ከሰል መስሏል። “እዚያ የዘነበው እዚህ ነው የሚወርደው፣ ልጄ” አሉ።

እውነትም ብዙ አልቆየ። መጀመሪያ ድምፁ ተሰማ፤ ቀጥሎ ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል ቡናማ ውሃ ከች አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ማሳሳቁን ትቶ እየጮኸ ነው የመጣው። በዚያች ቅጽበት እኛ ወደ ኋላ ስንሸሽ እነሱ አካፋቸውን ይዘው ወደ ውሃው ሮጡ! ለካ ሲጠብቁት ነው የከረሙት። ወንዙ ዳር በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ የከመሩት ግድብ አለ። ጎርፉን በእሱ ጠልፈው በቦይ ወደ ማሽላቸው ይነዱታል። ጎርፉ ሲበረታ ግድቡ ይፈርሳል፤ መልሰው ይሠሩታል፤ ይፈርሳል፤ መልሰው ይሠሩታል። ውሃው የደጋውን ለም አፈር ይዞ ስለሚመጣ መሬቱን አጠጥቶ ብቻ አይሄድም፤ አብልቶት ጭምር ነው።

“አባባ፣ መንገዱ መቼ ይከፈታል?” አልኳቸው።

“የቱ መንገድ?”

“የመኪናው።”

“እሱን እንጃ። የውሃው ግን ተከፍቷል” ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ዝም ብሎ አልነበረም። ጅጉርቲ የሚባለው ማሽላ በበልግ ዝናብ ተዘርቶ የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። የነሐሴ ውሃ ከቀረበት አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አገዳ ደግሞ ለከብት እንጂ ለልጅ አይሆንም። ውሃ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ግራካሱን እንደወጡ ኮረም አለች። የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያዡ መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ረሃቡን ለዓለም ያሳዩት ከእሷ ነው። ለዚያ እልቂት ጦርነቱም መንግሥቱም የየራሳቸው እጅ ነበራቸው። በዚያ ላይ ግን ሰማዩ ተዘግቶ ነበር፤ በገበሬው አማርኛ።

ጎርፍ ብቻውንም እህል አይሆንም። አካፋ ይዞ ወንዝ ዳር የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ቆቦ የገባው በክረምት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣም ነሐሴ ነበር። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ የደጋው ውሃ ማንንም አይጠብቅም፤ ቁልቁል ወደ አፋር ይነጉዳል።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። ሶለልን አየን፤ ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በካፊያ ሲጫወቱ። ሣሩን ያበቀለው ዝናብ ቢያርፍባቸው ምን ገዷቸው! አሸንጌ ስንደርስ ጉም አየን። አዲስ አበባ ተመልሰን ፊልሙ ሲታጠብ አብዛኛው ፎቶ ነጭ ሆኖ ወጣ። አንዱ ግን ግሩም ነበር፤ ሽማግሌው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውሃ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ፣ ከኋላቸው ዞብል የለም።

አገራችን ለረጅም ዘመን ቱሪስት ስትጋብዝ የኖረችው “የ13 ወር ፀሐይ” በሚለው መፈክር ነው። የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያወጡት መፈክር ለውጭ እንግዳ ጆሮ ግሩም ነበር፤ ብዙ ሰውም አምጥቷል። በ2008 ዓ.ም. “ምድረ ቀደምት” ተተካ። አንዳንዴ ሳስበው፣ ያንን መፈክር ጽፎ ሮቢት አደባባይ የሚሰቅል ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ የራያ ገበሬ ቆም ብሎ ያነበውና “ምን በደልንህ ብለህ ነው እንዲህ የምትራገመን?” ሳይለው የሚያልፍ አይመስለኝም።