ድንገተኛ ጉዞ ወደ ላሊበላ

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ዓርብ ማታ፣ ያሳደጉን አክስታችን በላሊበላ መታመማቸውን የሚገልጽ ስልክ ደረሰን። «ልጄን ሳላየው» ማለታቸውንም ጨምረው ነገሩን። በአውቶቡስ እንዳንሄድ መንገዱ ደሴ አሳድሮ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሰኞ ደግሞ ተማሪዎቻችን ይጠብቁናል። ለማግሥቱ የሚቆረጠው የአይሮፕላን ቲኬትም ለመምህር ኪስ የሚቀመስ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ሼባማይልስ ትዝ አለን። ይህም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደንበኞቹ የበረሩትን እየቆጠረ በስማቸው የሚያስቀምጥላቸው የማይል ሒሳብ ነው። እኛም ወንድማችንን ለመጠየቅ ዋሽንግተን ደርሰን በተመለስን ጊዜ የተጠራቀመልን ነበረን። የመነሻው ቀን ሲቀርብ የቲኬት ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወደዳልና፣ የማይል ጥቅሙ የሚታየው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ሆኖም በማይል የሚሰጠው መቀመጫ ጥቂት ነው፤ ቀረጡም በገንዘብ ይከፈላል። ለቅዳሜ መሄጃ፣ ለእሑድ መመለሻ ያገኘነው አንዳንድ መቀመጫ ብቻ ስለ ነበረ፣ ሻንጣዋን ያዘጋጀችው ባለቤታችን አዝና ቀረች።

ባለፕሮፔለሩ አይሮፕላን ከደመናው በታች ሲወርድ፣ በአውቶቡስ መስኮት ግማሽ ቀን የሚያደክመን ገደል ሁሉ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ታየን፤ በአምባው ላይ የጤፉ ማሳ ገና አረንጓዴ ነበረ። ከአይሮፕላን ጣቢያው ወደ ከተማው የሚወስደው ጠመዝማዛ አቀበት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከበረራው ይልቅ የረዘመብን እርሱ ነው።

አክስታችንን በድንጋይ ቤታቸው ደጃፍ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው።

«ከአዲስ አበባ መቼ ተነሣህ፣ ልጄ?» አሉን።

«ዛሬ ጧት» ብንላቸው አላመኑንም።