እንጀራ የጋገረችላቸው ሴትዮ

ጋሸናን ለማያውቅ፦ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር የደጋ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ላሊበላ ያደርሳል፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው በኮን አድርጎ ደላንታን አቋርጦ ደሴ ይገባል። ተሳላሚ መኪና የሚቀይርባት፣ ሾፌር ሻይ የሚጠጣባት ቦታ ናት። ጦርም የሚፈልጋት በዚሁ ምክንያት ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። መንግሥት ጋሸናንና ላሊበላን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 22 ቀን 2014 ነበር። ታኅሣሥ 3 ላሊበላ እንደገና ተያዘች፤ በሳምንቱ ገደማ ደግሞ ተለቀቀች። ቀኖቹን የዘረዘርኩት አንዱ ጦር ሲገባ ሌላው ሲወጣ ከቤቷ ያልወጣች ሴት እንዳለች እንድታስቡልኝ ብዬ ነው።

ስም አልሰጣትም። በዚያ መስመር ላይ እሷን የመሰሉ ብዙ ናቸውና። በሯን በሰደፍ ለመቱት ታጣቂዎች እንጀራ ጋገረች። ምን ታድርግ? ጓዳ ውስጥ ልጆች አሉ። እነሱ ወጥተው ሌሎች ሲገቡ ለእነዚያም ጋገረች። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወፍጮ ቆሟል፤ ዱቄቱ ከየት እንደመጣ እሷና አምላኳ ያውቃሉ። ነገሩ በረድ ሲል መንደሩ ሒሳብ ማወራረድ ጀመረ። ለራሷ ወገን የጋገረችው አልታሰበላትም፤ ያ የመጀመሪያው ግን "ለጁንታ ያበላች" የሚል ስም ሆነባት። ቡና የሚጠራት ጠፋ። በማኅበሩ የመደገስ ወረፋዋ ተዘለለ። ሰው ሞቶባት ድንኳን ብትጥል ሰው ጎደለ። ወሎ ውስጥ ለቅሶ የተቀረበት ሰው ምን እንደሚሰማው የሀገሬው ሰው ያውቀዋል።

የቀሩባት ሰዎች እነማን ናቸው? ረቡዕና ዓርብን የማያፈርሱ፣ ፍልሰታን ሱባዔ የሚይዙ፣ ለገና ላሊበላ ድረስ በእግራቸው የሚሄዱ። በየሰንበቱ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ይነሳሉ፤ ሴትዮዋ ከኋላ ቆማለች። ጌታ መሥዋዕትህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንሰበክበት ነው የኖርነው። ግን ሰፈሩ ካኮረፈው ሰው ጋር መታረቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ እሷን ቡና የጠራ ሰው ለራሱም ስም ይወጣለታል። ደም ያልመለሰ ወንድ ፈሪ በሚባልበት፣ ፉከራና ቀረርቶ በሚደነቅበት ሀገር እምነታችን ፈተና የሚወድቀው ጾም ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በዚያው ጊዜ ወልድያ ላይ የሰሜን ወሎው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ኤርምያስ ከተማዋ ስትያዝ ከሕዝባቸው ጋር ቀሩ። ከታጣቂዎቹ አዛዦች ጋር እየተነጋገሩ ለሕዝቡ ተማለዱ። ከጦርነቱ በኋላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አመሰገናቸው፤ ይገባቸዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ይህ ነው፦ አቡኑ ከጠላት ጋር ተነጋግረው ሰው አዳኑ ብለን ስናመሰግን፣ ያቺ ሴትዮ በአቅሟ ያደረገችው ከዚያ በምን ይለያል? ልጆቿን በእንጀራ አዳነች። ለእሷ ግን የሚመሰክርላት የለም።

"ይቅርታ ይቅርታ እያላችሁ ወንጀለኛን ልታስመልጡ ነው" የሚሉኝ አሉ፤ እውነት አላቸው። ከጋሸና በስተምዕራብ ነፋስ መውጫ ላይ በነሐሴ 2013 የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ አውጥቶታል፤ አብዛኞቹ በቡድን ተደፍረዋል። በእነዚያ ሴቶች ስም ይቅር የማለት ሥልጣን ማንም የለውም። ቄስም፣ ሽማግሌም፣ የሰላም ስምምነት ፈራሚም ቢሆን። በእኛው ወግ እንኳ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በደሉን በአደባባይ አምኖ፣ ካሳ ከፍሎ ነው እርቅ የሚወርደው። የንስሐ አባትም ሳይናዘዙ አይፈታም። ስለዚህ ፍርድ ከሚጠይቀው ሰው ጋር አልከራከርም። የምከራከረው ደፋሪውን ማግኘት አቅቶን ቁጣችንን እንጀራ ጋጋሪዋ ላይ ከምንወጣው ከእኛ ጋር ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ የሚሰድበኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኅዳር 2013 አክሱም ላይ፣ በኅዳር ጽዮን ዋዜማ፣ የኤርትራ ወታደሮች ሲቪሎችን በጅምላ ገደሉ። የሞቱት ማተብ ያሰሩ፣ እኛ የምንቀድሰውን የሚያስቀድሱ፣ እኛ የምንጾመውን የሚጾሙ ናቸው። ያኔ ከእኛ ስንቶቻችን አዘንን? ጥር 14 ቀን 2015 ወሊሶ አካባቢ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የጳጳሳት ሹመት ሲሰጥ ግን በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰን ወጣን፤ በልብሳቸው ምክንያት ከሥራ የተመለሱ፣ የታሰሩም ነበሩ፤ ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ። የካቲት 8 ስምምነት ተደረሰ። ጥቁሩን በመልበሳችን አልቆጭም። ግን አንድነቷ ተደፈረ ብለን የቆምንላት ቤተ ክርስቲያን አክሱም ላይም ያለችው እሷው ነበረች። የትግራይ አባቶች ከእኛ ሲለዩ የተገረምነው ዝምታችንን ስለረሳነው ይመስለኛል። መለየታቸውን እደግፋለሁ ማለቴ አይደለም፤ ቁስሉ ይገባኛል ማለቴ ነው።

በደልን አምኖ ይቅርታ መለመን እንዴት እንደሆነ ለማየት በገድለ ላሊበላ የሚተረከውን አስቡት። ቅዱሱ መርዝ ተሰጥቶታል፣ በንጉሥ ሐርበይ ፊት ተገርፏል። ስንተርከው መላእክት ይዘውት ወደ ሰማይ የወጡበት ላይ እንፈጥናለን። ያስገረፈው ሐርበይ በመጨረሻ ዙፋኑን ሊለቅለት፣ ይቅርታ ሊለምነው ወጥቶ መሄዱን ግን በአጭሩ እናልፈዋለን። ሰኔ 12፣ በቅዱስ ላሊበላ በዓል ላይ አንድ ሰባኪ ስለ ሐርበይ ብቻ ቢያስተምረን ደስ ይለኝ ነበር። እንደ ላሊበላ መሆን ይከብደናል፤ ሐርበይን መሆን ግን ለአብዛኞቻችን የሚቀርብ ይመስለኛል።

ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጥቷል። ታጣቂው ተለውጧል፣ ጥያቄው ግን ያው "የማን ነሽ?" ነው። በፋኖና በመንግሥት ጦር መካከል መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ፣ በር እየተንኳኳ ነው። ዛሬም የምትጋግር አለች፤ ዛሬም የሚቆጥርባት ጎረቤት አለ።

ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ሆናችሁ ይህን የምታነቡ የዚያ ሀገር ልጆች፣ ቤታችሁ ስትደውሉ ስለ ጦሩ ብቻ አትጠይቁ። በማኅበሩ ማን እንደቀረ፣ የማን ለቅሶ እንዳልተደረሰ ጠይቁ። እናታችሁ ያልሄደችበት ለቅሶ ካለ፣ ዓመት ቢያልፈውም "ሳልደርስሽ ቀረሁ" ብሎ መሄድ በእኛ ዘንድ ያለ ነው። የታክሲውን እናንተ ላኩላት።