አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት በር

አዋሽ ሰባት ኪሎ የተከራየሁበት ግቢ ስድስት በር ነበረው፤ ቆጣሪው ግን አንድ። አከራያችን የወሩን ሂሳብ የሚያካፍሉን በአምፖል ነበር። ሁለት አምፖል ያለው ሁለት እጅ፣ አንድ ያለው አንድ እጅ ይከፍላል። ማንንም ላለመበደል ብለው ያመጡት ዘዴ ነው፤ ባደጉበት ደጋ መብራት ማለት አምፖል ነዋ። አዋሽ ላይ ግን መብራት ማለት ነፋስ ነው። 9 ዋት የሚስብ አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። 75 ዋት የሚስብ ቬንትሌተር ሌት ተቀን ሲዞር 54 ይደርሳል። አርባ አምፖል ማለት ነው! እኛ አርባውን ትተን አንዱን ስንቆጥር ከረምን።

*

በዚያው ግቢ ጥግ ላይ ያለው ክፍል የአንድ ጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በሙቀቱ ወራት ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ይተኛል፤ ቬንትሌተር የለውም። ባለ አንድ አምፖል ነውና ቬንትሌተሩ ቀኑን ሙሉ ከሚዞርለት ባለ አንድ አምፖል ጎረቤቱ እኩል ይከፍል ነበር። አንድም ቀን ሲያጉረመርም አልሰማሁም። ዝም ያለ ሁሉ አልተበደለም ማለት አይደለም።

*

ቤት ፍለጋ የዞረ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚሰማው ነገር አንድ ነው፦ «ምጣድ አይቻልም»። እስቲ እናስላው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት የምትጋግር እናት በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ትጨርሳለች። ሌት ተቀን ከሚዞረው ቬንትሌተር ጋር ተቀራራቢ ነው። ቬንትሌተሩን ማንም አልከለከለም፤ ምጣዷ ግን ተከለከለች፤ እንጀራም በየቀኑ ከሱቅ እየገዛች ልጆቿን ታበላለች።

የምጣድ ጣጣው ሌላ ነው፤ ባንዴ ብዙ ይስባል። በቀጭን ገመድ ላይ ሁለት ምጣድ አብሮ ከተጣደ ብሬከር ይወድቃል፣ ገመዱም ይግላል፤ የእሳት አደጋም አለበት። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ መፍትሔው ግን ገመዱን በባለሙያ ማሳየትና ፈረቃ ማውጣት ነው። ማክሰኞ የአንዷ፣ ረቡዕ የሌላዋ። ደህና ገመድ ላለው ግቢ ክልከላው ትርጉም የለውም።

*

ሰመራ ስሄድ ነገሩ ከበደ። እዚያ ስድስት በር ካለው ግቢ አንዱ ኤሲ ያስገባል። 1.2 ኪሎዋት የሚስብ ኤሲ በሌሊት ስምንት ሰዓት ቢሠራ በወር 288 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው «እሱ የተጠቀመበትን ይክፈል» ብሎ ያልፈዋል። ጉዳቱ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነውና። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ እየበዛ ሲሄድ የአንዱ ዋጋ ራሱ ይጨምራል። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በጀመረው ክለሳ ከ50 በታች ያለው በ27 ሳንቲም ሲቀር፣ ከ500 በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ ክለሳ መጥቷል።

አሁን ስድስቱም በር 60፣ 60 ይጠቀሙ እንበል፤ 360 ነው። ኤሲው ሲጨመር 648። ግቢው በሙሉ የመጨረሻው እርከን ላይ ወጣ ማለት ነው። አምስቱ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁለተኛው እርከን ላይ በቆሙ ነበር። መንግሥት ለትንሽ ተጠቃሚ ያስቀመጠው ርካሽ ዋጋ ለቆጣሪ እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። ድሃው ተከራይ ይህን ሳያውቅ ያጣዋል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አምስቱ ለብቻቸው ቢሆኑ ይከፍሉት የነበረውን ይክፈሉ፤ ከዚያ በላይ የመጣውን ልዩነት ባለ ኤሲው ይሸፍን። አከራዩም ከመብራት ማትረፍ የለበትም።

*

የጅቡቲ መስመር ሹፌር ከወሩ ግማሹን መንገድ ላይ ነው። ሂሳቡ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ግን የቆለፈው ክፍልም ይከፍላል። ፍሪጁን ነቅሎ ከሄደ ላልነበረበት ጊዜ መክፈል የለበትም።

*

ውሃን በተመለከተ ልቤ ሌላ ነው። ሮቶው ሲጎድል ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ሕፃን ባላት እናት ላይ ነው። በሐጋይ፣ አፋሮች የሙቀቱን ወቅት በሚጠሩበት ስም፣ ሕፃን በቀን ሦስቴ ቢታጠብ ቅንጦት አይደለም። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለገላ የሚሆን ውሃ በእኩል ይካፈል፣ በጀሪካን አይቆጠር። መኪና የሚያጥብና አጥር ሥር አትክልት የሚያጠጣ ግን ይቆጠርለት።

*

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ወሬን አጣምሞ ማድረስ ትልቅ ነውር ነው። ቆጣሪም ዳጉ ያስፈልገዋል። በየግቢው ካየሁት ጠብ አብዛኛው የተነሳው ደረሰኙ በአከራዩ ኪስ ስለቀረ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ግን በወሩ መጀመሪያ ሁሉም ተሰብስቦ ቁጥሩን ያነባል፣ አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ደረሰኙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እዚያ በከረምኩበት ጊዜ ስለ መብራት የተጣላ አላየሁም።

*

አንድ አከራይ ሂሳብ ባዘገየ ተከራይ ላይ ማታ ብሬከሩን ሲያወርድ አይቻለሁ። ወሩ ሰኔ ነበር፤ በዚያ ክፍል አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ዕዳ በሽማግሌም በፍርድ ቤትም ይጠየቃል። በሰመራ ሰኔ የሰውን ነፋስ መዝጋት ግን በሰውነት ላይ ጉዳት ማድረስ ነው።

*

የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ያዛል። እንግዲህ ውሉ ሲጻፍ ስለ መብራትና ስለ ውሃ አከፋፈልም ሁለት መስመር ይጨመርበት። አከራዮች ሆይ፣ ለየበሩ ትንሽ ቆጣሪ አስገጥሙ፤ ካልሆነም መሣሪያውን ቆጥራችሁ አካፍሉ። ተከራዮችም ደረሰኙን ለማየት አትፈሩ። ይህ ሁሉ ሐጋይ ሳይገባ ይሁን።