እግርህን እይ!

ከደብረ ብርሃን ስነሳ በጋቢ ተጀቡኜ ነበር። አንኮበር ላይም አላወለቅሁትም። ከዚያ መንገዱ ወደ ይፋት ቆላ ሲንደረደር ብርዱ ከዳኝ፤ አሊዩ አምባ ስደርስ ጋቢዬ ክንዴ ላይ፣ ላቤ አንገቴ ላይ!

ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ጣሊያን ካቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቅራቢያ ነው። ጨርቅ የሚሠራበት ሰፈር ሲባል የሚታየኝ የግንብ አጥር፣ ዘበኛ የቆመበት በር፣ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ ነው። እና «የሸማኔ አገር» ሲሉኝ ዓይኔ ፋብሪካ ፈለገ። የለም! ኮረብታው ላይ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ቤቶች ብቻ። ጠጋ ስል ግን ከአንዱ ቤት «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግባ ልጄ... ኧረ እግርህን እይ!»

ለጥቂት ነው የተረፍሁት። ከደጃፉ አለፍ ብሎ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ወለሉ ተቆፍሯል። አዛውንቱ አርጎባ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ታች ልከዋል፤ እግራቸው ድሩን ይከፍታል፣ እጃቸው መወርወሪያውን ያሻግራል። ድሩ ከጭናቸው ተነሥቶ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ተወጥሯል። ቤቱ ራሱ ፋብሪካ ነው ለካ! ባለቤታቸው ጥግ ላይ እንዝርት ያሾራሉ፤ ልጆች ድሩን ሳይነኩ ሾልከው ያልፋሉ።

በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን ይህች ኮረብታ ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ ለሚመጣው ነጋዴ የሸዋ ትልቅ ገበያ ነበረች። ዓርብ ዓርብ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ሰው ሳይቀር ለሽያጭ ይቀርብ ነበር። ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1842 እ.ኤ.አ. መጥቶ እዚሁ ከርሟል። እሱስ ስንት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይሆን?

«ድሩ የፋብሪካ ነው፣ ማጉ የእሷ» አሉ አባባ ወደ ባለቤታቸው እያመለከቱ። የፋብሪካ ክር! ደስ አለኝ፤ የሰፈሬን ሰው እንዳገኘሁ ሁሉ።

ጉድጓዱ ላይ አስቀመጡኝ። መወርወሪያውን ብወረውር መንገድ ላይ ቀረ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አባባ አልሳቁም፤ ክንዴ ላይ ያለውን ጋቢ ጫፉን ይዘው በአውራ ጣታቸው ያሻሉ።

«ከየት ገዛኸው?»

«ከደብረ ብርሃን።»

«የዚህስ ማጉም የፋብሪካ ነው» አሉ።

ጋቢዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።