የፎገራ ሴቶች የሒሳብ ደብተር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአስፋልቱ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ የጉማራን ወንዝ ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሜዳ ይሆናል። በግራ በኩል እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ ዓይን የሚያግድ ነገር የለም። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው። ዋናው ከተማ ወረታ ይባላል። ከባሕር ዳር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከወረታ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ወረታን አልፎ ደግሞ የርብ ወንዝ አለ።

የፎገራ ሀብት ከውኃ ይመጣል። አደጋውም ከዚያው ከውኃ ይመጣል። በክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ለም አፈር ይዘው ይመጣሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ውኃው ከልክ አለፈ። ቤት ገባ፤ እህል ወሰደ፤ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ።

ድሮ ይህ ሜዳ የከብት አገር ነበር። የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ይዘው መጡ። ሩዙ ጅግና በሚባለው ቦታ ተሞከረ። ዛሬም ገበሬው የሚወደው አንዱ የሩዝ ዘር «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ውኃ የሚተኛበት መሬት እንዲህ አድርጎ እንጀራ አወጣ። ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ይጋገራል፤ ጠላም ይጠመቅበታል። የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ፎገራ ነው።

ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ርጥበቱ ሳይደርቅ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ሞተር ያለው ወይም መከራየት የሚችል ሰው ደግሞ በበጋ ቀይ ሽንኩርት ይተክላል። የፎገራ ሽንኩርት በመኪና ተጭኖ ሩቅ ይሄዳል። የኛም ነገር ያለው እዚህ ሽንኩርት ላይ ነው።

የምናስተምራቸው እናቶች ፊደል ከለዩ በኋላ መጀመሪያ ማንበብ የፈለጉት ምን ይመስላችኋል? የማዳበሪያ ደረሰኝና የብድር ወረቀት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ወደዚያው አዞርነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ማንበብና መጻፍ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት የንግድ ሒሳብ።

ሴት ገበሬ ሒሳብ አታውቅም የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ገበያ ወርዶ ቅቤ ስትሸጥ ይያት! ዋጋ ሲነገራት መልሱን ከአፍ ነጥቃ ትናገራለች። ችግሩ ሽንኩርት እንደ ቅቤ በአንድ ቀን ተሸጦ የማያልቅ መሆኑ ነው። ለዘሩ የወጣው ብር መስከረም ላይ ነው፤ ሽያጩ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ነው። በመካከሉ ነዳጅ አለ፤ መድኃኒት አለ፤ ልጅ ይታመማል፤ ሠርግ ይመጣል። ሰባት ወር ሙሉ በልብ የሚይዝ ማን ነው? ገንዘቡም የሚቋጠረው በአንድ መቀነት ነው። የሽንኩርቱ ብርና የጨው፣ የበርበሬው ብር አንድ ቋጠሮ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ ምን እንደ ተረፈ ሳይታወቅ «ዘንድሮ ደኅና ነው» ወይም «ዘንድሮ ከሰርን» ይባላል።

የመጀመሪያው ትምህርት ሁለት ቋጠሮ ሆነ። በመቀነቱ አንድ ጫፍ የቤት ወጪ፤ በሌላው ጫፍ የሥራ ገንዘብ። ቀላል ይመስላል። ከሁሉም ያስቸገረው ግን ይኸ ነበር፤ ምክንያቱም ልጅ ደብተር ሲፈልግ እናት ከየትኛውም ጫፍ ትፈታለች። ታዲያ የተበደረችውን ለራሷ ትጻፍ ተባባልን። «ከሽንኩርቱ ለደብተር 200 ብር» ብሎ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ወጪን መደመር ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለአንድ ጥማድ፣ ማለት ለሩብ ሔክታር፣ እንዲህ ጻፍን። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ታገባላችሁ። ዘር 6,000 ብር፣ ማዳበሪያ 9,000፣ መድኃኒት 3,000፣ ለሞተር ነዳጅ 8,000፣ ለቀን ሠራተኛ 8,000፣ ጆንያና ማጓጓዣ 4,000። ድምሩ 38,000 ብር ነው። የበሰበሰው ተጥሎ 20 ኩንታል ቢሸጥ 2,000 ኪሎ ይሆናል። 38,000ን ለ2,000 ስናካፍል 19 ብር መጣ። ከ19 ብር በታች የተሸጠ እያንዳንዱ ኪሎ ከቤት ገንዘብ ይወስዳል ማለት ነው።

ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት ጠና ያሉ እናት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ የኔ ወገብስ የታለ?»

ሳቅ ሆነ። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነው። ችግኝ ያፈሉት፣ የተከሉት፣ ያረሙት፣ የለቀሙት እሳቸው ናቸው። «ስንት ቀን ሠርተዋል እማማ?» አልናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በጣት ቆጥረው 25 ቀን አሉ። ቀኑን በ200 ብር ብናስበው 5,000 ብር ነው። ድምሩ 43,000 ሆነ፤ የኪሎው ዋጋ 21 ብር ከ50 ሳንቲም። እንግዲህ ሽንኩርቱ 20 ብር ቢሸጥ እጃቸው ላይ 2,000 ብር ትርፍ ይታያል። የ25 ቀን ድካማቸው ግን አልተከፈለም። በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ ቢሠሩ ይሻላቸው ነበር ወይ? ይህን መጠየቅ የሚቻለው ድካሙ ሲጻፍ ነው። የሩዝ አረምም እንዲሁ ነው። ሩዝ ደጋግሞ ይታረማል፤ ብዙውን የሚያርሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ በወጪ ውስጥ ሲገባ ግን አላየንም።

እዚህ አገር «ሽንኩርት ሎተሪ ነው» ይላሉ። አንድ ዓመት ቤት በቆርቆሮ ያስለብሳል፤ በሌላው ዓመት የለቃሚ ዋጋ አያወጣም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚተክል በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ደላላው ማሳ ድረስ መጥቶ ዋጋ ይቆርጣል። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ መኪናው አይመጣም። ሽንኩርት እንደ ሽምብራ ጎተራ አስገብተው የሚጠብቁት እህል አይደለም።

እኔ ሽንኩርት አትትከሉ የሚለውን ምክር አልወደውም። ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነው። ጥያቄው ስንት ጥማድ የሚለው ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዷ ባሏ የሞተባት ናት። ሁለት ጥማድ መሬት አላት። እስከ አሁን መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥ ነበር። ዘንድሮ በቡድን ዋስትና ተበድራ ሁለቱንም ጥማድ ሽንኩርት ልታደርግ አሰበች። ሒሳቡን ከእሷ ጋር ሠራነው። የሁለት ጥማድ ወጪ 76,000 ብር ነው። 40 ኩንታል አግኝታ ዋጋው 12 ብር ቢወርድ 48,000 ብር ታገኛለች። 28,000 ብር ይጎድላል። ግማሽ ጥማድ ብቻ ብትተክልስ? ወጪው 19,000፣ ሽያጩ 12,000፣ ጉድለቱ 7,000 ብር ይሆናል። 28,000 ብር ለመክፈል በሬ ይሸጣል። ለ7,000 ብር በግ ይበቃል። በቡድን ብድር ደግሞ አንዷ ካልከፈለች ዋሶቿ ይከፍላሉ፤ ዋሶቿ እዚያው አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። አንገታቸውን ነቀነቁ።

ስለ መድን የጠየቀችም ነበረች። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲ ሓ በምትባል መንደር 200 ቤተሰቦች ለዝናብ እጥረት መድን ገብተው ነበር። ገንዘብ የሌለው ድኻ መዋጮውን በጉልበት ሥራ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። ሥራው ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፍቷል። እንዲህ ያለው መድን የሚከፍለው ዝናብ ሲጠፋ ነው። የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ አይከፍልም። ይህን ሳይለዩ መፈረም አይገባም።

ሴቶቹ ራሳቸው የሚያውቁት መከላከያ ብዙ ነው። ዕቁብ አለ፤ ዕድር አለ፤ ዶሮ አለ። ዶሮ ግን ፈንግል ከገባ በአንድ ሳምንት ታልቃለች፤ ክትባቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሽምብራን ነቀዝ እንዳይበላው ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለው ከረጢት መጥቷል። ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ አየር አይገባም፤ ነቀዙ ይሞታል። እንዲህ የተቀመጠ ሽምብራ በአጨዳ ጊዜ በርካሽ አይሸጥም፤ ዋጋ እስኪወጣ ይቆያል። ሽንኩርቱ ሲወድቅ ዕዳ የሚከፍለው ይኸ ሊሆን ይችላል።

የመሬት ይዞታ ደብተርንም አብረን አነበብን። በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም አለበት። ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ፣ ስሟ እንዳለበት ዘንድሮ ገና ያነበበች ሴት አለች። ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። መሬት ለእኩል ስትሰጡ ወይም ስታከራዩ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀበሌ የመሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ። ማን ዘር እንደሚያወጣ፣ ጭዱ የማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍ።

ባሏ የሞተባት እኅታችን ከልጇ ጋር ተማከረች። በመጨረሻ ግማሽ ጥማድ ሽንኩርት ተከለች፤ የቀረውን ሽምብራ ዘራችበት። ብድሩንም ቀንሳ ወሰደች። ችግኙ ጸድቋል። የነዳጁን ደረሰኝ ሁሉ ደብተሯ ውስጥ ታስቀምጣለች። ባሕር ዳር ያለው የአክስቷ ልጅ በየሳምንቱ የገበያውን ዋጋ በስልክ ይነግራታል፤ እሷ ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት 24 ብር ነበር። ለመልቀም ግን ገና ስድስት ሳምንት ይቀራል። በደብተሯ ሽፋን ላይ በትልቁ «21 ከ50» ብላ ጽፋለች፤ ደላላው ሲመጣ የምታየው እሱን ነው።