የታናሽ እኅቴ ሒሳብ

በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎጃም፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። ለበዓል ብቻ አልነበረም የሄድኩት። አባቴ በስልክ፣ «አንተን ትሰማለች፤ መጥተህ እኅትህን ምከርልኝ» ብሎ ጠርቶኝ ነው። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ሁለት ልጅ ወልዳ በቃኝ ማለቷ ነው።

አባቴ ሲሟገት አያልቅበትም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባል የለም? እኛ ዘጠኝ ስንወልድ ጦማችንን አደርን?» ይላል። እኔም እንደ ሽማግሌ አንገቴን እየነቀነቅሁ አዳመጥሁ። ልብ በሉ፣ እኔ ራሴ አዲስ አበባ ያለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው። የእኔን ግን ማንም አላነሳውም። ከተማ የገባ ሰው አንድ ወልዶ ቢቀመጥ ኑሮው ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ገጠር የቀረው ነው ቤት ሙሉ የሚጠበቅበት።

በማግስቱ እኅቴን ለብቻዋ አገኘኋትና የተላክሁበትን ነገር ዳር ዳሩን ጀመርሁ። ገና ሳልጨርስ ገባት። «ና ወንድም ጋሼ፣ ላሳይህ» አለችና ማሳቸው ድረስ ይዛኝ ሄደች። ጤፉ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል።

«ይኸ ሦስት ጥማድ ነው» አለችኝ። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ገደማ ስለሆነ፣ ሄክታር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ባሏ ከአባቱ ድርሻ ተቆርሶ የተሰጠው ነው። «ለሁለት ብንከፍለው ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ ተኩል ይደርሳቸዋል። እንደ አባዬ ምክር ስድስት ብወልድስ? ግማሽ ግማሽ ጥማድ! በሬው መዞሪያ ያገኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴም እሷም ልክ መሆናቸው ይታየኝ ጀመር። አባቴ ጎጆ የወጣው በ1967 ዓ.ም. ዋዜማ ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ የገበሬ ማኅበሩ መሬት የሚደለድለው የቤተሰብ ብዛት እያየ ነበር። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ በሚቀጥለው ድልድል የሚጠየቅበት አፍ ተጨመረ ማለት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና መሬት ሲሸነሸን፣ የሰባት ዓመቷ እኅቴም እንደ አንድ ሰው ተቆጥራ የአባቴን ማሳ ካስጠበቁለት አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ድልድል በአካባቢያችን አልተደረገም። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት፣ እሷም ባሏም፣ አድገው ጎጆ ሲወጡ የወላጆቻቸውን ቁራሽ ጠባቂ ሆኑ። ለአባቴ ልጅ መሬት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ለእኅቴ ግን መሬት ተካፋይ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ወጪውም ሌላ ነው። እኔ በስድስት ዓመቴ ከብት ጠባቂ ነበርሁ፤ እንጀራዬን ሠርቼ ነው የበላሁት። የእሷ ትልቁ ልጅ በስድስት ዓመቱ ደብተር ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ በየሳምንቱ እየተላከለት ነው የሚማረው።

እንዲህ የምታሰላው እሷ ብቻ አይደለችም። በ1982 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው ጥናት፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 6.4 ልጅ ትወልድ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 4.6 ሆኗል፤ አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ በሆነበት በአማራ ክልል ደግሞ 3.7 ደርሷል። በ1992 ዓ.ም. ካገቡት ሴቶች መካከል መውለጃቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ የሚወስኑት ከ100 ውስጥ 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 ሆነዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባይመደቡና መርፌው ደጃፍ ድረስ ባይመጣ ኖሮ፣ የእኅቴ ሒሳብ በልቧ ብቻ በቀረ ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አባቴ ነገሩን አነሳው። «ለመሆኑ ስንሞት የሚቀብረን ሰው አያስፈልገንም?» አለ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ጥጥ ትፈትል የነበረችው እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አራቱን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ዘጠኝ የወለድሁት ዘጠኝ አምሮኝ መሰለህ? የትኛው እንደሚተርፍልኝ ስለማላውቅ ነው። አንዱን ኩፍኝ ወሰደብኝ፣ ሁለቱን ተቅማጥ፣ አንዷን ምን እንደወሰዳት እስከዛሬ አላውቅም። የእሷ ልጆች ተከትበው ሁለቱም ይኸው አሉ። ተዋት።»

እናቴ ጥናት አላነበበችም። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበርና በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 እንደወረደ ሳነብ፣ የመጣችብኝ እሷ ናት፤ እንዝርቷን አስቀምጣ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። የሚፈራው ነገር ግን ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። አምስት ልጆች ተርፈንለት እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ አንዱ ወንድሜ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ እዚያው ቀርቷል፤ አንዷ እኅቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሌላዋ ባሕር ዳር አግብታለች። ከዘጠኙ ሁሉ ደጁ ላይ ያለችው ይህቺ «በቃኝ» ያለችው ናት። ጠዋት ማታ የምትጠይቀው፣ ሲያመው ጤና ጣቢያ የምትወስደው እሷ ናት። ልጅ ያላነሰው ሰው፣ ልጅ አጥቶ ነበር የሚሟገተው።

ስመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ድረስ በከዘራው እየተደገፈ ሸኘኝ። እኅቴን ስለመምከሬ አልጠየቀኝም።

«አንተስ ስንት ልጅ ነው ያለህ?» አለኝ፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

«አንድ» አልኩት።

«እሱንም ይዘኸው አልመጣህም» አለኝ።