አዲሱ መሣሪያና የቀድሞው ዲስክ

ሰው አዲስ ዕቃ በገዛ ጊዜ አሮጌውን መናቁ የቆየ ጠባይ ነው። በቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ዘንድ ግን ከንቀት የሚብስ ነገር ይገኛል። ይኸውም ገንዘብ ተከፍሎበት በቤት የተቀመጠው ዲስክ ሳይሰበርና ሳይፋቅ፣ አዲሱ መሣሪያ ስለማያውቀው ብቻ ዲዳ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ጨዋታ ማለት የመሣሪያው አንጎል ለሆነው ለፕሮሰሰሩ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ፕሮሰሰሩ በሌላ ዓይነት በተለወጠ ጊዜ ትእዛዙ እንዳለ ቢኖርም የሚሰማው ይጠፋል። ለዚህም ሁለት መድኃኒት ይገኛል፤ አንደኛው የቀድሞውን ፕሮሰሰር በአዲሱ ዕቃ ውስጥ ማኖር፣ ሁለተኛውም በመካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር ማበጀት ነው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሌይስቴሽን 2ን ባወጣ ጊዜ የፊተኛውን መንገድ ያዘ። በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር በአዲሱ ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን እየተቈጣጠረ እንደ በረኛ ተቀመጠ፤ የቀድሞው ዲስክ በገባ ጊዜም ወደ ጥንት ሥራው ይመለስ ነበር። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3ም በመጀመሪያ የቀዳሚውን ክፍሎች ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ወጪውን ለመቀነስ ሲባል ከ2007 ጀምሮ ክፍሎቹ እየተነሡ ሄዱ። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ አንጎሉ ፈጽሞ ልዩ ስለ ሆነ የፕሌይስቴሽን 3ን ዲስክ ማጫወት አልቻለም።

ማይክሮሶፍት በ2015 ሁለተኛውን መንገድ ይዞ የኤክስቦክስ 360 ጨዋታዎችን በኤክስቦክስ ዋን ላይ በሶፍትዌር አስነሣ። ሆኖም እያንዳንዱ ጨዋታ የባለመብቱን ፈቃድ የሚሻ ስለ ሆነ በ2021 የመጨረሻዎቹን ጨምሮ ሥራውን አቆመ። አስተርጓሚ ቢገኝም ፈቃድ ሰጪ ካልተገኘ ነገሩ አይፈጸምም።

የሠሪዎቹ ክርክር ከንቱ አይደለም፤ አሮጌውን መሸከም ዋጋ ያስወድዳል፣ የማይፈልገውም ገዢ አብሮ ይከፍላል። ነገር ግን የቸልታው ጥፋት በ2023 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ታይቷል፤ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶው 87ቱ በጥናቱ ጊዜ በገበያ አልተገኙም። የብዙ ሰዎች ድካም ያለበት ሥራ እንዲህ ሲሰወር፣ አባት በልጅነቱ የተደሰተበትን ለልጁ ሊያሳይ ቢወድ ያረጀ መሣሪያ ፍለጋ ይንከራተታል፤ ያም መሣሪያ አንድ ቀን ይደክማል።

አስቀድሞ ያሰበ ግን ብዙ አይቸገርም። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ከቀዳሚው ጋር በአንጎል ዘመዳሞች ስለ ሆኑ አብዛኛውን የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታ ያጫውታል። ስለዚህ ሠሪው አዲሱን ሲያቅድ ትናንት የሸጠውን ያስብ፤ ገዢውም አዲሱ የትኛውን ዲስክ እንደሚቀበል ሳይጠይቅ አሮጌውን መሣሪያ ከቤቱ አያውጣ።